የቲን ቀለበቶች፦ የካርቦንን ሕግ የፈተኑ ሞለኪውሎች

እ.ኤ.አ. በ1852 በዙሪክ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ሌቪግ የቲንና የሶዲየም ቅይጥ ወስዶ ኢታይል አዮዳይድ ከተባለ ፈሳሽ ጋር አገናኘው። ሶዲየሙ አዮዲኑን ነጥቆ ሲወስድ የቀሩት ኢታይል የሚባሉት ባለሁለት ካርቦን ቡድኖች ከቲኑ ጋር ተጣመሩ። እንዲህ ካለው ሥራ ከተገኙት ውህዶች አንዱ «ዳይኢታይል ቲን» የሚል ስም ወጣለት፤ ሲመረመር ለእያንዳንዱ የቲን አቶም ሁለት የኢታይል ቡድን ይደርሰው ነበርና። ቀመሩ አጭር ነው፤ ትርጉሙም ግልጽ ይመስል ነበር። ሆኖም የዚህ ዓይነቶቹ ውህዶች እውነተኛ ቅርጽ እስኪታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ጉዳዩ የተፈታው ሞለኪውሎቹ ቀለበት መሆናቸው ሲደረስበት ነው። ይህ መጣጥፍ ስለ እነዚህ ቀለበቶች ነው፤ የቲን አቶሞች እርስ በርሳቸው ወይም ከሌሎች አቶሞች ጋር ተያይዘው ስለሚሠሯቸው፣ በዙሪያቸውም የካርቦን ቡድኖችን ስለሚሸከሙ ሞለኪውሎች። በትምህርት ቤት የተማርነው የኬሚካዊ ትስስር ሕግ በአብዛኛው ካርቦንን በማየት የተቀረጸ ነው። የቲን ቀለበቶች ከዚያ ትምህርት ውስጥ የትኛው የተፈጥሮ አጠቃላይ ሕግ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ የካርቦን የግል ጠባይ እንደሆነ ለይተው ያሳዩናል። ዋጋቸውም እዚህ ላይ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካርቦን ከባድ ዘመድ

ቲን የአቶም ቁጥሩ 50 የሆነ፣ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ለስላሳ ብረት ነው። ቤት የምንከድንበት ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ የአረብ ብረት ሉህ ስለሆነ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ ቲን የሚገኘው ከካርቦን፣ ከሲሊከን፣ ከጀርማኒየምና ከእርሳስ ጋር በአንድ ዓምድ ነው። የአንድ ዓምድ አባላት በውጫዊው ቅርፊታቸው ላይ እኩል ኤሌክትሮን አላቸው፤ የዚህ ዓምድ አባላት ያላቸው አራት አራት ነው። ስለዚህ ቲንም እንደ ካርቦን አራት ትስስር መፍጠር ይችላል።

ዝምድናው በዓይን የሚታይበት ጊዜም አለ። ንጹሕ ቲን ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነጩ ብረት ቀስ በቀስ ወደ ግራጫ ዱቄት ሊለወጥ ይችላል። በዚህ ግራጫ ቲን ውስጥ አቶሞቹ የተደረደሩት ልክ በአልማዝ ውስጥ ካርቦኖች እንደሚደረደሩት ነው፤ እያንዳንዱ አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተያይዟል። ልዩነቱ ያለው በርቀቱ ላይ ነው። በአልማዝ ውስጥ በሁለት ካርቦኖች መካከል ያለው ርቀት 154 ፒኮሜትር ሲሆን በግራጫ ቲን ውስጥ ግን 281 ፒኮሜትር ያህል ነው። አንድ ፒኮሜትር ማለት አንድ ሜትር ለአንድ ትሪሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ርዝመት ነው።

ትስስር በረዘመ ቁጥር ይላላል። በሁለት ካርቦኖች መካከል ያለውን ነጠላ ትስስር ለመበጠስ በአንድ ሞል 346 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። በሁለት ቲኖች መካከል ላለው ግን 150 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ምክንያቱ የቲን ውጫዊ ኤሌክትሮኖች ከኒውክለሱ ርቀው፣ ሰፊ ቦታ ላይ ተበትነው መገኘታቸው ነው። የተበተነ የኤሌክትሮን ደመና ከጎረቤቱ ደመና ጋር ጠበቅ ብሎ መደራረብ አይችልም። ካርቦን ረጃጅም ሰንሰለቶችንና ቀለበቶችን ሠርቶ የሕይወት መሠረት ሲሆን፣ ቲን እንዲህ ያለ ሰፊ ኬሚስትሪ ያላበጀበት አንዱ ምክንያት ይኸው የትስስሩ መላላት ነው።

ስለ ትስስር የምናውቀው ነገር ሲጀመርም ቲን እዚያው ነበር። እንግሊዛዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ፍራንክላንድ በ1849 ገደማ ቲንና ኢታይል አዮዳይድን በፀሐይ ብርሃን በማጸግበር ዳይኢታይል ቲን ዳይአዮዳይድን ሠራ። በ1852 ደግሞ ከቲን፣ ከአርሴኒክ፣ ከአንቲሞኒና ከመሰሎቻቸው ውህዶች ተነስቶ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተወሰነ የመጣመር አቅም እንዳለው አስተዋለ። ዛሬ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የቫለንስ ጽንሰ ሐሳብ የበቀለው ከዚህ ነው።

ጫፍ የሌለው ሰንሰለት

አሁን ወደ ሌቪግ ቀመር እንመለስ። ለአንድ ቲን ሁለት የኢታይል ቡድን ከደረሰው፣ ቲኑ ሁለት ትስስር ብቻ ያለው ይመስላል። የቀሩት ሁለት የመጣመሪያ ቦታዎች የት ሄዱ? በዘመኑ የነበረው ምርመራ የሚነግረው የንጥረ ነገሮቹን ምጥጥን ብቻ ነበር። ምጥጥን ደግሞ አንድ ቲንና ሁለት ኢታይል ያለውን ትንሽ ሞለኪውል፣ ስድስት ቲንና አሥራ ሁለት ኢታይል ካለው ትልቅ ሞለኪውል አይለይም።

እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙ ልጆችን እናስብ። በሰልፍ ከቆሙ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ልጆች አንድ አንድ እጃቸው ባዶውን ይቀራል። ክብ ከሠሩ ግን ባዶ እጅ የለም። የቲን አቶሞችም እንዲሁ ናቸው። በሰንሰለት ከተያያዙ በጫፍ ያሉት ሁለቱ ቲኖች ትርፍ የመጣመሪያ ቦታ ስለሚኖራቸው አንድ ተጨማሪ ቡድን መያዝ አለባቸው፤ ምጥጥኑም ከሁለት ለአንድ ከፍ ይላል። ሰንሰለቱ ጫፉን አገናኝቶ ቀለበት ሲሆን ግን እያንዳንዱ ቲን ከሁለት ቲኖችና ከሁለት የካርቦን ቡድኖች ጋር ተያይዞ አራቱም ትስስሩ ይሞላል። ምጥጥኑም በትክክል ሁለት ለአንድ ይሆናል።

ይህን በጥንቃቄ ያሳዩት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የሠሩት ጀርመናዊው ኬሚስት ቪልሄልም ፓውል ኖይማንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። «ሁለት ትስስር ያላቸው የቲን ውህዶች» ተብለው ተመዝግበው የኖሩትን ቁሶች አንድ በአንድ እያነጠሩ የሞለኪውል ክብደታቸውን ለኩ፤ ብዙዎቹ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዶቹም ዘጠኝ ቲን ያላቸው ቀለበቶች ሆነው ተገኙ።

የመጨረሻው ማረጋገጫ የመጣው ከኤክስሬይ ነው። በ1963 ኦልሰንና ራንድል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስድስት ቲንና አሥራ ሁለት ፊናይል የሚባል ባለስድስት ካርቦን ቡድን ያለውን ውህድ ክሪስታል በኤክስሬይ መርምረው የእያንዳንዱን አቶም ቦታ አወጡ። ቀለበቱ ዝርግ አልነበረም፤ አቶሞቹ አንዱ ከፍ፣ ቀጣዩ ዝቅ እያሉ ኬሚስቶች «የወንበር ቅርጽ» በሚሉት አኳኋን ተደርድረው ነበር። በሁለት ቲኖች መካከል ያለው ርቀት 278 ፒኮሜትር ያህል ነው፤ ከግራጫ ቲን እምብዛም አይለይም። ስድስት ካርቦን ያለው ሳይክሎሄክሴንም የሚይዘው ይህንኑ የወንበር ቅርጽ ነው። እስከዚህ ድረስ ቲን የካርቦንን ፈለግ ተከትሏል።

ስድስት፣ አራት፣ ሦስት

ቀለበቱ ስንት አቶም እንደሚኖረው የሚወስነው ማን ነው? በአመዛኙ ቲኑ የተሸከማቸው የካርቦን ቡድኖች ግዝፈት ነው። ፊናይል ዝርግ ስለሆነ ሁለት ሁለት ፊናይል የያዙ ስድስት ቲኖች ሳይጨናነቁ ክብ መሥራት ይችላሉ። አንድ ካርቦን ሚታይል የሚባሉ ሦስት ባለአንድ ካርቦን ቡድኖችን ተሸክሞ የሚሠራው ተርሸሪ ቢውታይል ግን በሁሉም አቅጣጫ የተነፋፋ ነው። ሁለት ተርሸሪ ቢውታይል የያዙ ቲኖች ስድስት ሆነው ክብ ለመሥራት ቢሞክሩ ቡድኖቹ ይጋጫሉ። ቀለበቱ ሲያንስ ከቀለበቱ ውጪ ያለው ቦታ ይሰፋል። ስለዚህ እነዚህ አራት ሆነው ይገናኛሉ። በቦን ዩኒቨርሲቲ ሃይንሪሽ ፑፍና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ይህን ቀለበት በኤክስሬይ ሲመረምሩት አራቱ ቲኖች በአንድ ዝርግ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው፤ የቲን ለቲን ርቀቱም ወደ 289 ፒኮሜትር ከፍ ብሏል። አሥራ አንድ ፒኮሜትር ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በአቶሞች ዓለም የቡድኖቹን ግፊያ በግልጽ የሚያሳይ መርዘም ነው።

ትንሹ ቀለበት ሦስት ቲን ያለው ነው። በ1983 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳቶሩ ማሳሙኔና ባልደረቦቻቸው በግራና በቀኝ ኢታይል የተሸከመ ፊናይል መረጡ። ሁለት እንዲህ ያሉ ቡድኖችን ከያዘ የቲን ዳይክሎራይድ ላይ ክሎሪኑን አስወግደው የመጀመሪያውን ባለሦስት ማዕዘን የቲን ቀለበት አገኙ። ስድስቱ ግዙፍ ቡድኖች ከላይና ከታች ቀለበቱን ሸፍነው ይጠብቁታል። የቲን ለቲን ርቀቱ 286 ፒኮሜትር ገደማ ነው።

ከዚህ ዘመን ወዲህ ግዙፍ ቡድኖችን እንደ መከላከያ መጠቀም የዘርፉ ዋና ዘዴ ሆኗል። ላላ ያለ ትስስር ያለው ሞለኪውል በኦክስጅን፣ በውኃ ወይም በራሱ መሰል ሞለኪውል ቶሎ ይጠቃል። መድረሻ መንገዱ ከተዘጋ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ተመራማሪውም ክሪስታል አብቅሎ ሊለካው ይችላል።

ዘጠና ዲግሪ ለምን ይመቸዋል?

ቲን ከካርቦን ጋር የሚለያይበት ቦታ እዚህ ይጀምራል። ካርቦን አራት ትስስር ሲሠራ በመካከላቸው 109.5 ዲግሪ እንዲኖር ይወዳል። አራት ካርቦን ባለው ቀለበት ውስጥ ማዕዘኑ ወደ 90፣ ሦስት ባለው ደግሞ ወደ 60 ዲግሪ ይጨመቃል። ይህ ጫና የቀለበት ውጥረት ይባላል። በካርቦን ዘንድ የሁለቱ ቀለበቶች ውጥረት በጣም ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሞል ከ110 ኪሎጁል ብዙ አይርቁም።

በቲን ግን ሥርዓቱ ይለወጣል። ጃፓናዊው የቲዎሪ ኬሚስት ሽገሩ ናጋሴ ያካሄዷቸው ስሌቶች እንደሚያሳዩት አራት አቶም ያለው ቀለበት ውጥረት ከካርቦን ወደ ቲን ስንወርድ ከግማሽ በታች ይሆናል። የሦስቱ ቀለበት ውጥረት ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ከካርቦኑ ይብሳል። ለአራቱ ምቾት፣ ለሦስቱ ጭንቀት የሆነው ያው አንድ ጠባይ ነው።

ጠባዩ የሚመነጨው ከኤሌክትሮኖቹ መኖሪያ ነው። የካርቦን ውጫዊ ኤሌክትሮኖች 2ኤስ እና 2ፒ በሚባሉ ኦርቢታሎች ውስጥ ይኖራሉ። ከ2ፒ በታች ሌላ የፒ ኦርቢታል ስለሌለ፣ 2ፒ የሚገፋው መሰሉን ሳያገኝ ወደ ኒውክለሱ ይጠጋል፤ ስፋቱም ከ2ኤስ ጋር ይቀራረባል። ስፋታቸው የተቀራረበ ኦርቢታሎች በደንብ ይቀላቀላሉ። ከቅልቅሉም አራት እኩል ትስስሮች ይወጣሉ፤ 109.5 ዲግሪ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በቲን ሁኔታው ሌላ ነው። ውጫዊ ኤሌክትሮኖቹ 5ኤስ እና 5ፒ ውስጥ ሲሆኑ፣ ከ5ፒ በታች 2ፒ፣ 3ፒና 4ፒ አሉ። ስለዚህ 5ፒ ወደ ውጪ ተገፍቶ ይንሰራፋል፤ 5ኤስ ግን ወደ ኒውክለሱ ቀርቦ ይቀራል። ስፋታቸው የተራራቀ ስለሆነ ቅልቅላቸው ጎደሎ ነው። ትስስሩን በብዛት የሚሠሩት ፒ ኦርቢታሎች ይሆናሉ፤ እነሱም በተፈጥሯቸው እርስ በርስ በ90 ዲግሪ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ አራት ማዕዘን ለቲን እምብዛም አይከብድም። ሦስት ማዕዘን የሚጠይቀው 60 ዲግሪ ግን ከ90 በታች ነው፤ ወደዚያ ለመውረድ ፒ ኦርቢታሎች አቅጣጫ የላቸውም። ይህን የከባድ ንጥረ ነገሮች ጠባይ በ1984 በሰፊው ያብራሩት ትውልደ ኦስትሪያዊው የቲዎሪ ኬሚስት ቨርነር ኩትሰልኒግ ናቸው።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ኤስና ፒ እኩል ተቀላቅለው አራት ተመሳሳይ ትስስር ይሠራሉ የሚለው ትምህርት ትክክል የሚሆነው ለካርቦንና በእሱ ረድፍ ላሉ ቀላል ንጥረ ነገሮች ነው። በዓምዱ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ያ ትምህርት መሠረቱ እየሳሳ ይሄዳል።

ቀለበቱ ሲበጠስ

ውጥረት ያለበት የሦስት ቲን ቀለበት ሲሞቅ ወይም ብርሃን ሲያርፍበት ይበጠሳል። የሚወጣው ዳይስታኒን ይባላል፤ ሁለት ቲኖች በድርብ ትስስር የተያያዙበት ሞለኪውል ነው። ማሳሙኔና ሎውረንስ ሲታ በ1985 እንዳሳዩት፣ ትክክለኛው የካርቦን ቡድን ሲመረጥ ቀለበቱና ዳይስታኒኑ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ እየተለዋወጡ አብረው ይኖራሉ። ሁለት ቀለበቶች ሦስት ዳይስታኒኖችን ይሰጣሉ፤ ሦስቱ ዳይስታኒኖችም ተመልሰው ሁለት ቀለበት ይሆናሉ። ሙቀቱ ከፍ ሲል ሚዛኑ ወደ ዳይስታኒን ያጋድላል።

ድርብ ትስስር ያለው የቲን ሞለኪውል ከዚያ በፊትም ታውቆ ነበር። በእንግሊዝ በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ላፐርትና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ አንዱን ሠርተው ቅርጹን በኤክስሬይ አውጥተዋል። ካርቦን ድርብ ትስስር ሲሠራ ሁለቱ ካርቦኖችና የተሸከሟቸው አራት ቡድኖች ሁሉም በአንድ ዝርግ ላይ ይተኛሉ። በቲኑ ሞለኪውል ግን በአንዱ ቲን ላይ ያሉት ሁለት ቡድኖች ወደ ላይ፣ በሌላው ላይ ያሉት ወደ ታች በ41 ዲግሪ ታጥፈዋል። የትስስሩ ርዝመት 277 ፒኮሜትር ነው።

ይህን ቁጥር ልብ እንበል። ስድስት ቲን ባለው ቀለበት ውስጥ ያለው ነጠላ ትስስር 278 ነበር። ካርቦን ሁለተኛ ትስስር ሲጨምር ርቀቱ ከ154 ወደ 134 ፒኮሜትር ያጥራል። ቲን ግን ያገኘው ቅናሽ ኢምንት ነው። ማብራሪያው አሁንም 5ኤስ ጋ ነው። እያንዳንዱ ቲን ሁለት ኤሌክትሮኖቹን በኤስ ጠባይ በበዛበት ኦርቢታል ውስጥ እንደ ያዘ ይቆያል። ሁለቱ ቲኖች ሲገናኙ አንዱ ጥንዱን ወደ ሌላው ባዶ ፒ ኦርቢታል ዘንበል አድርጎ ይሰጣል፤ ሌላውም እንዲሁ ይመልሳል። መታጠፉ የሚመጣው ከዚህ የእርስ በርስ ልግስና ነው። ትስስሩ ልል ስለሆነም ይህ ሞለኪውል ሲሟሟ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ግማሾች ይለያያል።

ሲታ ኋላ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በሦስቱ የቲን ቀለበት ላይ ሥራቸውን ቀጥለው ከእሱ ይበልጥ የረቀቁ ቅርጾችን አወጡ። በ1989 አምስት ቲኖች ያሉት፣ ሁለቱ ዋልታ ላይ ቆመው ሦስቱ በመካከላቸው እንደ ድልድይ የተዘረጉበት ሞለኪውል ይፋ ሆነ። በ1990 ደግሞ ስምንት ቲኖች በስምንቱ ማዕዘን የተቀመጡበት ኩብ ተከተለ። በአምስት ቲኑ ሞለኪውል ውስጥ በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ያለው ርቀት 337 ፒኮሜትር ነው። ይህ ትስስር ነው ለማለት ረጅም፣ አይደለም ለማለት ደግሞ አጭር ነው። ትስስር በአለና በየለም መካከል የተሰመረ ቀጭን መስመር አለመሆኑን እንዲህ ያለ ሞለኪውል በቁጥር ያሳያል።

ኦክስጅንና ድኝ ሲገቡበት

በቀለበቱ ውስጥ ቲን ብቻውን መሆን የለበትም። በቲኖቹ መካከል ኦክስጅን ወይም ድኝ ሲገባ ሌላ ቤተሰብ ይወለዳል። ሁለት ሚታይል የያዘ ቲን ከኦክስጅን ጋር ሲጣመር የሚገኘው ነጭ ዱቄት በተለመዱት አሟሚዎች ውስጥ አይሟሟም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቲን የጎረቤቱን ኦክስጅን ጭምር ስለሚስብ ሞለኪውሎቹ ተያይዘው ማብቂያ የሌለው መረብ ይሆናሉ። ሚታይሉ በተርሸሪ ቢውታይል ሲተካ መረቡ ይበጣጠሳል። ሦስት ቲንና ሦስት ኦክስጅን እየተፈራረቁ የሚቀመጡበት፣ ዝርግ ሊባል የሚችል የስድስት አቶም ቀለበት ብቻውን ይቆማል። በኦክስጅኑ ፋንታ ድኝ ሲገባ ያው ቲን ሁለት ቲንና ሁለት ድኝ ያለው አራት ማዕዘን ይሠራል።

ከላይ «የጎረቤቱን ኦክስጅን ይስባል» ያልኩት ሌላው የቲን ልዩ ጠባይ ነው። ካርቦን ከአራት ትስስር በላይ መሸከም አይወድም። ቲን ግን ትልቅ አቶም ስለሆነ፣ በተለይ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን ወይም ክሎሪን ካገኘ አምስተኛና ስድስተኛ ትስስር ይጨምራል። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎች ይህን ጠባይ በስኳር ሥራ ላይ ይጠቀሙበታል። አንድ የስኳር ሞለኪውል ብዙ የሃይድሮክሲል ቡድኖች ስላሉት ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ለይቶ መለወጥ አስቸጋሪ ነው። ዳይቢውታይል ቲን ኦክሳይድ ሲጨመርበት ቲኑ ሁለት ጎረቤታም ኦክስጅኖችን ይዞ አምስት አቶም ያለው ቀለበት ይሠራል፤ ውኃ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ ኦክስጅኖች አንዱ ይበልጥ ንቁ ሆኖ ይገኛል፤ ኬሚስቱም የፈለገውን ለውጥ እሱ ላይ ብቻ ማድረግ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ ቲኑ ይወገዳል። እዚህ ላይ ቀለበቱ የሚያስፈልገው ለጊዜው፣ ለሥራ መሣሪያነት ብቻ ነው።

የቤንዝን ቤተሰብ አዲስ አባላት

በካርቦን ዓለም ከቀለበቶች ሁሉ የተከበረው ቤንዝን ነው። ስድስት ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ቦታ ሳይወሰኑ ቀለበቱን በሙሉ ይዞራሉ፤ ይህም አሮማቲክ የሚባል ልዩ መረጋጋት ይሰጠዋል። ትስስሩ ልል፣ ኦርቢታሉ የተበተነ ቲን በእንዲህ ያለ ዙር ውስጥ መግባት ይችላል? ለረጅም ጊዜ መልሱ «አይችልም» የሚል ይመስል ነበር።

ስታኖል አራት ካርቦንና አንድ ቲን ያለው ቀለበት ነው፤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃል። በተለመደው ስታኖል ውስጥ ድርብና ነጠላ ትስስሮች በግልጽ ይለያሉ፤ ኤሌክትሮን አይዞርበትም። በጃፓን በሳይታማ ዩኒቨርሲቲ ማሳይቺ ሳይቶና ባልደረቦቻቸው ስድስት ፊናይል ባለው ስታኖል ላይ ሊቲየም ጨምረው በቲኑ ላይ ያሉትን ሁለቱን ፊናይሎች አስወገዱ፤ በምትካቸውም ቀለበቱ ሁለት ትርፍ ኤሌክትሮን ተሸከመ። በ2005 ይፋ ባደረጉት የክሪስታል ቅርጽ አንዱ ሊቲየም ከቀለበቱ በላይ፣ ሌላው በታች፣ ሁለቱም መሐሉ ላይ ተቀምጠዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው በካርቦኖቹ መካከል የነበረው የርዝመት ልዩነት ጠፍቶ ትስስሮቹ እኩል ሊባሉ መቻላቸው ነው። ይህ የአሮማቲክነት ምልክት ነው። በ2010 ያው የምርምር ቡድን በቲኑ ምትክ ይበልጥ ከባድ የሆነውን እርሳስን አስገብቶ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ።

በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኖሪሂሮ ቶኪቶና ባልደረቦቻቸው በ2006 ከናፍታሊን አሥር ካርቦኖች አንዱን በቲን ተክተው፣ ግዙፍ ቡድን አልብሰው፣ ኤሌክትሪካዊ ክፍያ የሌለው አሮማቲክ የቲን ሞለኪውል አቀረቡ። ስለዚህ ቲን በአሮማቲክ ዙር ውስጥ መግባት ይችላል፤ የሚፈልገው ከጥቃት የሚከላከለው ቡድን ወይም ተጨማሪ ኤሌክትሮን ነው።

ቲን ስለራሱ ሲናገር

እነዚህን ቀለበቶች ለማጥናት ቲን ራሱ ምቹ ነው። ከንጥረ ነገሮች ሁሉ የበለጠ ብዙ የተረጋጉ አይሶቶፖች ያሉት እሱ ነው፤ አሥር። ከነዚህም ቲን 119 እና ቲን 117 እንደ ጥቃቅን ማግኔት ስለሚሆኑ ኤን.ኤም.አር. በተባለው መሣሪያ ይታያሉ። በተፈጥሮ ቲን ውስጥ ድርሻቸው በቅደም ተከተል 8.6 እና 7.7 በመቶ ነው።

ማግኔት የሆነ ቲን ማግኔት የሆነ ጎረቤት ካለው ምልክቱ በግራና በቀኝ ትናንሽ ጫፎችን ያወጣል። ጫፎቹ የሚነግሩን የጎረቤቶቹን ዓይነትና ብዛት ነው። ሦስት ቲን ባለው ቀለበት ሁሉም ቲን ለሁሉም የቅርብ ጎረቤት ስለሆነ አንድ ዓይነት ጫፍ ብቻ ይታያል። አራት ባለው ቀለበት ሁለት የቅርብና አንድ የፊት ለፊት ጎረቤት ስላለ ሁለት ዓይነት ጫፍ ይወጣል፤ የቅርቡም ከፊት ለፊቱ እጥፍ ይጎላል። ስድስት ባለው ደግሞ ሦስት ዓይነት ይሆናል። ሌቪግ ምጥጥንን ብቻ አይቶ ሊያውቀው ያልቻለውን የቀለበት መጠን፣ ዛሬ ተመራማሪው ክሪስታል ሳያበቅል ከፈሳሹ ብቻ ሊያነበው ይችላል።

ጥቅሙና ጥንቃቄው

የቲን ለቲን ትስስር ኤሌክትሮኖች በሁለት አቶሞች መካከል ታስረው አይቀሩም፤ በሰንሰለቱ ወይም በቀለበቱ ላይ ይዘረጋሉ። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር የሚመጠው ብርሃን ከአልትራቫዮሌት ወደሚታየው ብርሃን ይጠጋል። ከዚህ የተነሳ ከብረት አቶሞች ብቻ የተሠራ አከርካሪ ያለው ፕላስቲክ መሥራት የብዙዎች ምኞት ሆነ። በ1993 በካሊፎርኒያ የዶን ቲሊ ቡድን የዚርኮኒየም ካታሊስት ተጠቅሞ ረጃጅም የቲን ሰንሰለቶችን ሠራ። አብረውም አምስትና ስድስት ቲን ያላቸው ቀለበቶች ወጡ። ሰንሰለቱ ጫፉን ለማገናኘት ያለው ዝንባሌ፣ የሌቪግን ውህድ ያወጣው ያው ዝንባሌ፣ ዛሬም ረጅም ሰንሰለት ለሚፈልግ ኬሚስት ፈተና ነው። ሰንሰለቶቹ ብርሃን ሲነካቸው መበጠሳቸውም ሌላው ችግር ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ስለ ደኅንነት ማወቅ ግድ ነው። ቲን ብረት ሆኖ ሳለ ብዙም አይጎዳም፤ የካርቦን ቡድን ሲሸከም ግን፣ በተለይ ሦስት ሲይዝ፣ ብርቱ መርዝ ሊሆን ይችላል። በ1954 በፈረንሳይ «ስታሊኖን» በሚል ስም ለቆዳ ኢንፌክሽን የተሸጠ፣ ዳይኢታይል ቲን ዳይአዮዳይድ የያዘ መድኃኒት መቶ ገደማ ሰዎችን ገድሏል። ለጥፋቱ በዋናነት ተጠያቂ የሚደረገው በመድኃኒቱ ውስጥ ተቀላቅሎ የነበረ ሦስት ኢታይል የያዘ የቲን ውህድ ነው። በመርከብ ቀለም ውስጥ ይጨመር የነበረው ትራይቢውታይል ቲንም የባሕር ቀንድ አውጣዎችንና ኦይስተሮችን ስለጎዳ፣ በ2001 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2008 ሥራ ላይ ሲውል ታግዷል። ሁሉም የቲን ውህድ እኩል አይጎዳም፤ ጉዳቱን የሚወስነው በቲኑ ላይ ያሉት ቡድኖች ብዛትና ዓይነት ነው። የሞለኪውል ቅርጽ እውቀት የሕይወት ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኬሚስትሪ የምታስተምሩና የምትማሩ አንባቢያን፣ የካርቦን አራት ትስስርና 109.5 ዲግሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ከጎኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፦ ይህ የካርቦን ወግ ነው፤ ወደ ታች ስንወርድ ይለወጣል። ለማስረጃም ሦስት ቁጥር በቂ ነው፦ በቲን ቀለበት ውስጥ ነጠላው ትስስር 278 ፒኮሜትር፣ በዳይስታኒን ውስጥ ድርቡ 277፣ የአራት ማዕዘኑ ቀለበት ውጥረት ደግሞ ከካርቦኑ ከግማሽ በታች። ሕግን ከነወሰኑ የተማረ ተማሪ ከወሰኑ ማዶ ያለውን ለመጠየቅ ይደፍራል፤ ሳይንስም የሚያድገው በእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።